ከሳሽ ችሎቱን ሲሰይም

ዲሴምበር 19 ቀን 2023 የሴኡል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት የተንከባለለ አንድ መዝገብ ላይ ውሳኔ ሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሳሹ ዩን ሱክ ዮል ሲሆኑ ተከሳሹ የደቡብ ኮሪያ ፍትሕ ሚኒስትር ነው። ነገሩ የተጀመረው ዩን የሀገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሳሉ ነበር፤ በዲሲፕሊን ጥፋት የሁለት ወር እገዳ ተጣለባቸው፣ እርሳቸውም ቅጣቱ ይሻርልኝ ብለው ከሰሱ። ውሳኔው በተነበበ ዕለት ግን ከሳሹ ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። የተከሳሹን ወንበር የያዙት ፍትሕ ሚኒስትርም ሃን ዶንግ ሁን ነበሩ፤ ዩን ራሳቸው የሾሟቸው፣ ከዐቃቤ ሕግነት ዘመን ጀምሮ የቅርብ ሰዋቸው። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሻረ። ሚኒስቴሩም ይግባኝ አልጠይቅም አለ፤ መዝገቡ በዚያው ተዘጋ።

እዚህ ላይ «ባለ ሥልጣን ሲከስ ማን ይረታዋል?» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የውሳኔውን ምክንያት ላነበበ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዳኞቹ ዩን ጥፋት የለባቸውም አላሉም። ጥፋት አለባቸው ወይስ የለባቸውም ወደሚለው ጥያቄ ጭራሽ አልገቡም። ያሉት ይህን ነው፦ ክሱን ያቀረቡት ሚኒስትር ራሳቸው ቀጠሮውን ወሰኑ፣ ከሚፈርዱት አንዱን ራሳቸው መርጠው አስገቡ፣ ሰብሳቢም አደረጓቸው፤ ሕጉ ደግሞ ከሳሽ በፍርዱ ሥራ እጁን እንዳያስገባ ይከለክላል።

እኚህ ሚኒስትር ቹ ሚኤ ይባላሉ። ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት አሥር ዓመት በዳኝነት ወንበር ተቀምጠዋል። ከሳሽ በገዛ ጉዳዩ ዳኛ እንደማይሰይም ከማንም ቀድመው የሚያውቁ ሴት፣ በሥራ ዘመናቸው የገጠማቸውን ትልቁን ሙግት በዚህችው ነጥብ ተረቱ። ታሪካቸው መነገር ያለበት ለዚህ ነው።

ቹ ሚኤ በ1958 በዴጉ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው በላውንደሪ ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩ። ሴኡል በሚገኘው ሃንያንግ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ፤ በ1982 ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ለመሆን ሁሉም የሚፈተነውን፣ ብዙዎች ደጋግመው የሚወድቁበትን የመንግሥት ፈተና አለፉ። በ1985 በቹንቾን ዳኝነት ጀመሩ። ቹንቾን ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለችም፤ ለቃኘው ሻለቃ ዘማቾች የመታሰቢያ ሐውልት የቆመባት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1968 የተገኙባት ከተማ ናት።

ዘመኑ የወታደራዊው ፕሬዚዳንት የጄኔራል ቹን ዱ ህዋን ነበር። መንግሥት «አደገኛ» ያላቸውን መጻሕፍት ከየመደብሩ ለመልቀም ፖሊስ የብርበራ ትእዛዝ ይጠይቃል፣ ፍርድ ቤቶችም ይፈርማሉ። ስለ ቹ የሚጻፉ ታሪኮች ደጋግመው የሚያነሡት፣ ይህች ጀማሪ ዳኛ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ማመልከቻዎች አንዱን አልፈርምም ብላ መመለሷን ነው። በዚያ ዘመን አንድ ዳኛ ፖሊስን የሚያቆምበት መሣሪያ ያ ብቻ ነበር፤ ሥርዓቱን አልጠበቀም፣ ምክንያቱ አይበቃም ብሎ ወረቀቱን መመለስ። ይህን ልብ እንበል፤ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ያው መሣሪያ በእርሳቸው ላይ ይመዘዛል።

በ1995 የተቃዋሚው መሪ ኪም ዴ ጁንግ ወደ ፓርቲያቸው ጋበዟቸው። ግብዣው ቀላል አልነበረም። ዴጉ ያለችበት የምሥራቁ ክፍል የወታደራዊ ፕሬዚዳንቶቹ መፍለቂያ ነው፤ የኪም ደጋፊዎች መሠረት ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ያለው ሆናም ነው። በሁለቱ መካከል ካለው ቁርሾ የተነሣ የምርጫ ውጤት ድምፅ ሳይቆጠር የሚታወቅበት ዘመን ነበር። የቹ ባለቤት ከሆናም ወገን ስለሆኑ «የዴጉ ልጅ፣ የሆናም ምራት» እየተባሉ ለሁለቱም ወገን ተዋወቁ። በ1996 ከሴኡል ለፓርላማ ተመረጡ። በ1997ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ኪምን የሚጠላው የትውልድ ከተማቸው አደባባይ ላይ ቆመው ለኪም ድምፅ ለመኑ፤ ከዚያ ወዲህ በፈረንሳይዋ ጀግና በዣን ዳርክ ስም «ቹዳርክ» ይሏቸው ጀመር። ኪም አሸነፉ። ቹም ወጀብ ፊት የማትሸሽ ሴት የሚል ስም አተረፉ፤ ይህ ስም በኋላ ሲያነሣቸውም ሲጥላቸውም ኖረ።

የመጀመሪያው ትልቅ ውድቀት የመጣው በ2004 ነው። ፕሬዚዳንት ሮ ሙ ህዩን ከቹ ፓርቲ ወጥተው ደጋፊዎቻቸው አዲስ ፓርቲ መሥርተው ነበር፤ ቹ በአሮጌው ቀሩ። የምርጫው ጊዜ ሲቃረብ ፕሬዚዳንቱ ለአዲሱ ፓርቲ የሚያደላ ንግግር አደረጉ፤ የመንግሥት ኀላፊ በምርጫ ገለልተኛ ይሁን የሚለውን ሕግ ጥሰዋል ተብለው ከሥልጣን የማንሣት ክስ ቀረበባቸው። ቹ መጀመሪያ ተቃወሙ፤ በኋላ ከፓርቲያቸው ጋር ወገኑ። ማርች 12 ቀን ፓርላማው በ193 ድምፅ ድጋፍና በ2 ተቃውሞ ክሱን አጸደቀ።

ሕዝቡ ግን ሻማ ይዞ አደባባይ ወጣ። ክሱን ያቀረቡትን በምርጫው ሊቀጣቸው መሆኑ ሲታወቅ፣ የፓርቲያቸውን የምርጫ ዘመቻ የሚመሩት ቹ በሆናም ወዳለችው ወደ ግዋንጁ ከተማ ሄደው በቡዲስቶች የንስሐ ሥርዓት ሦስት እርምጃ እየተራመዱ አንድ ጊዜ መሬት ላይ እየሰገዱ በከተማይቱ ጎዳና ለቀናት ተጓዙ። አልረዳቸውም። ፓርቲያቸው ወደ 9 ወንበር ወረደ፤ እርሳቸውም ወንበራቸውን አጡ። በሜይ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንቱ ሕግ መጣሳቸውን አምኖ፣ ጥፋቱ ግን ከሥልጣን የሚያስነሣ ክብደት የለውም ብሎ ሮን ወደ ቢሯቸው መለሳቸው። ቹ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግረው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ቆዩ። ለዚያ ክስ ድጋፍ መስጠታቸው የፖለቲካ ሕይወታቸው ትልቁ ስሕተት እንደነበር በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል።

በዚያ ክስ የተባለው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ፍርድ ቤቱም ጥሰቱን ተቀብሏል። ችግሩ የክሱ ልክና ጊዜ ነበር። እውነት የያዘ ሰው በእውነቱ ብቻ እንደማይረታ ቹ ያን ጊዜ ከሕዝቡም ከዳኞቹም ሰምተው ነበር።

በ2008 ወደ ፓርላማ ተመለሱ። በ2009 ማብቂያ የአካባቢና የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ከባድ ውዝግብ ያስነሣ የሠራተኛ ሕግ በገዢው ፓርቲ ድምፅ አሳለፉ። የገዛ ፓርቲያቸው አባላት በሩ ተዘግቶብናል ብለው ጮኹ፤ ፓርቲውም በዲሲፕሊን ቀጣቸው። ቹ ሕጉ ካልወጣ የሚመጣው ቀውስ ይብሳል ብለው ተከራከሩ። የመሰላቸውን ለመፈጸም ወዳጅም ቢሆን ከመንገድ ገሸሽ የሚያደርጉ ሰው መሆናቸው ያኔ ታየ።

በኦገስት 2016 የዴሞክራቲክ ፓርቲው መሪ ሆኑ። በእርሳቸው መሪነት ዘመን ፕሬዚዳንት ፓርክ ጉን ሄ በሕዝብ ተቃውሞና በፓርላማ ክስ ወደቁ፤ ሙን ጄ ኢን ፕሬዚዳንት ሆኑ። ቹ የሁለት ዓመት ዘመናቸውን ሳያጓድሉ ጨርሰው፣ በ2018 ፓርቲውን በአካባቢ ምርጫ ድል አድራጊ አድርገው አስረከቡ። የአንድ ፖለቲከኛ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ያማረ ይሆን ነበር። ሙን ግን ማንም የማይመኘውን ወንበር ሰጧቸው።

የወንበሩን ክብደት ለማወቅ የኮሪያን ዐቃቤ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ መሥሪያ ቤት ለአሥርት ዓመታት መመርመርንም መክሰስንም በአንድ እጁ ይዞ ኖሯል። ፕሬዚዳንቶችን ወደ ወኅኒ አውርዷል። ከላይ እስከ ታች በትእዛዝ የታሠረ፣ ፈተና ባለፉበት ዓመት ታላቅና ታናሽ የሚቆጠርበት ቤት ነው። በ2003 ፕሬዚዳንት ሮ የቀድሞ ዳኛ የነበሩትን ካንግ ኩም ሲልን የመጀመሪያዋ ሴት ፍትሕ ሚኒስትር አድርገው ሲሾሙ፣ በዕድሜም በፈተና ዓመትም ከኛ ታናሽ የሆነች እንዴት ታዘናለች ብለው ዐቃብያነ ሕጉ አመፁ። ፕሬዚዳንቱ ከተራ ዐቃብያነ ሕግ ጋር በቴሌቪዥን ፊት ለፊት እስከመከራከር ደረሱ። በ2009 እኚሁ ሮ ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ በዐቃቤ ሕግ ምርመራ ላይ ሳሉ ሕይወታቸውን አጠፉ። የሮ የቅርብ ረዳት የነበሩት ሙን ሲመረጡ፣ ይህን መሥሪያ ቤት መግራት ለፓርቲያቸው ፖሊሲ ብቻ አልነበረም፤ ቁስልም ነበር።

የሚገርመው ዩን ሱክ ዮልን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አድርገው በ2019 የሾሙት ሙን ራሳቸው መሆናቸው ነው። ዩን የፓርክን ምርመራ ከመሩት አንዱ ስለነበሩ የመንግሥቱ ደጋፊዎች አጨብጭበውላቸው ነበር። ፕሬዚዳንቱም በሥልጣን ላይ ያለውን ጭምር ሳትፈራ መርምር አሏቸው። ዩን ቃሉን እንደ ቃሉ ወሰዱት፤ አዲሱን ፍትሕ ሚኒስትር ቾ ኩክን፣ የሪፎርሙን ፊታውራሪ፣ ከነቤተሰባቸው መመርመር ጀመሩ። ቾ በ35 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ቹ ሚኤ ጃንዋሪ 2 ቀን 2020 የገቡት በዚያ ወንበር ላይ ነው።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት የከፍተኛ ዐቃብያነ ሕግ ዝውውር አወጡ። በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ የሚደረጉ ምርመራዎችን ይመሩ የነበሩ የዩን ሰዎች ወደ ቡሳን፣ ወደ ጄጁ ደሴት፣ ወደየጠረፉ ተበተኑ። ሃን ዶንግ ሁንም ከተላኩት አንዱ ነበሩ። ሕጉ ሚኒስትሩ ሹመት ሲያወጣ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን አስተያየት ይስማ ይላል። ሚኒስትሯ ጠርቻቸው አልመጡም አሉ፤ የዩን ወገን ዝርዝሩን ሳናየው ምን ብለን አስተያየት እንስጥ አለ። የሹመት ሥልጣኑ የሚኒስትሯ እንደሆነ ማንም አልተከራከረም። የተከራከሩት ስለ አካሄዱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚደጋገመው ጸብ ከመጀመሪያው ሳምንት መልኩን ያዘ።

በኮሪያ ሕግ ፍትሕ ሚኒስትር በተናጠል ጉዳይ ላይ ተራ ዐቃቤ ሕግን ማዘዝ አይችልም፤ ማዘዝ የሚችለው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ብቻ ነው። ይህ ሥልጣን እንደ ሰይፍ ከሰገባው ብዙም ሳይወጣ ኖሯል። በ2005 አንድ ሚኒስትር ተጠቅሞበት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ትእዛዙን ተቀብለው ወዲያው ሥልጣን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ለ15 ዓመት ማንም አልነካውም። ቹ በጁላይ 2020 አወጡት። ምክንያቱ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጋዜጠኛ ከሃን ዶንግ ሁን ጋር ባለው ቅርበት እያስፈራራ፣ ከታሠረ ሰው በመንግሥት ደጋፊ ላይ መረጃ ለማግኘት ሞክሯል የሚለው ጉዳይ ነበር። ዩን ከዚህ ምርመራ እጃቸውን እንዲያነሡ ሚኒስትሯ አዘዙ። በኦክቶበር ደግሞ የዩንን ቤተሰብ የሚነኩ ጉዳዮች በተመለከተ ሁለተኛ ትእዛዝ ወጣ። ዩን በፓርላማ ቀርበው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሚኒስትር የበታች ሠራተኛ እንዳልሆነ ተናገሩ። የመጀመሪያው ጉዳይ መጨረሻው ምን ሆነ? ጋዜጠኛው በፍርድ ቤት ነጻ ወጣ፤ ሃን ላይም ክስ አልተመሠረተም።

ኖቬምበር 24 ቀን ሚኒስትሯ በጋዜጠኞች ፊት ቆመው ዩንን ከሥራ አገድኩ፣ የዲሲፕሊን ክስም አቀረብኩ አሉ። የኮሪያ ፍትሕ ሚኒስትር በሥራ ላይ ያለ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግን እንዲህ ሲያግድ የመጀመሪያው ነበር። ከዘረዘሯቸው ክሶች ከባዱ፣ የዩን ቢሮ በትልልቅ ጉዳዮች ላይ የሚያስችሉ ዳኞችን ጠባይና አቋም የሚገልጽ ፋይል አዘጋጅቷል የሚል ነበር። የቀድሞዋ ዳኛ ለዳኞች ነጻነት ቆመው የከሰሱበት ይህ ነጥብ ባዶ አልነበረም፤ በ2021 ጉዳዩን ያየው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጥፋት መሆኑን ተቀብሎ፣ የሁለት ወሩ ቅጣት እንዲያውም ቀላል ነው እስከማለት ደርሷል።

ክሱ ሥጋና አጥንት ነበረው ማለት ነው። ያልነበረው ሥርዓት ነው።

እገዳው ከመታወጁ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሚኒስቴሩ አንድ ደንብ አሻሽሎ ነበር። በከባድ የምርመራ ጉዳዮች ላይ ከውጭ ሰዎች የተውጣጣው የቁጥጥር ኮሚቴ ይማከራል ይል የነበረው አንቀጽ ሊማከር ይችላል በሚል ተተካ። ግዴታ የነበረው ፈቃድ ሆነ። ዲሴምበር 1 ቀን ይኸው ኮሚቴ በራሱ ተሰብስቦ፣ ዩን ክሱ በቅጡ ሳይነገራቸውና መልስ የመስጠት ዕድል ሳያገኙ መታገዳቸው አግባብ አይደለም አለ። የሚኒስቴሩ የገዛ ኮሚቴ ነው ይህን ያለው። በዚያው ቀን የሴኡል የአስተዳደር ፍርድ ቤት እገዳውን አገደ፤ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሥራ ዘመን በሕግ የተወሰነው ለሚኒስትር ተገዢ እንዳይሆን ነው አለ። ዩን ውሳኔውን እንደሰሙ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። በየከተማው ዐቃብያነ ሕግ የተቃውሞ መግለጫ አወጡ፤ ምክትል ሚኒስትሩ ሥራቸውን ለቀቁ።

እዚህ ቦታ ላይ ቆም ማለት ይቻል ነበር። ደንቡን መመለስ፣ ክሱን በጽሑፍ አቅርቦ ለተከሳሹ ጊዜ መስጠት፣ ከችሎቱ አሰያየም ራስን ማራቅ። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ጥቂት ወራት ነው። ነገር ግን የዲሲፕሊን ኮሚቴው በዚያው ወር ተሰየመ።

ኮሚቴው ሰባት አባላት ነበሩት፤ ሰብሳቢው በሕግ ፍትሕ ሚኒስትሩ ነበር፣ ሌሎቹንም አብዛኞቹን የሚመርጠው እርሱ ነበር። ከሳሽ ሚኒስትሩ ሲሆን ግን ከጉዳዩ መውጣት አለበት። ቹ ከስብሰባው ወጡ፤ ከዝግጅቱ ግን አልወጡም። ቀጠሮ ቆረጡ፣ አዲስ አባል ሾሙ፣ እኚያው አዲስ አባል ስብሰባውን መሩ። የዩን ጠበቆች አንዳንድ አባላት ይነሡልን ብለው አመለከቱ። በአቤቱታው ላይ የወሰኑት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሕጉ ግን ከሰባቱ አራት ይገኙ ይል ነበር። ዲሴምበር 16 ቀን ሊነጋጋ ሲል የሁለት ወር እገዳ ተወሰነ። ፕሬዚዳንት ሙን በዚያው ዕለት ፈረሙ፤ ቹም ሥራዬን ጨርሻለሁ በሚል መንፈስ መልቀቂያ አቀረቡ። ዲሴምበር 24 ቀን፣ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ፣ ፍርድ ቤቱ ያን ሦስት ቁጥር ጠቅሶ ቅጣቱን አገደ። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ለተፈጠረው ትርምስ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በእነዚያው ሳምንታት ካሜራ ብዙም ያልዞረበት ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። በሚኒስቴሩ ሥር በሚተዳደረው በምሥራቅ ሴኡል የማረፊያ ቤት ኮቪድ ገባ። ሕንጻው ወደ ላይ የተቆለለ፣ ከአቅሙ በላይ ሰው የታጨቀበት ነበር። የሁሉም እስረኞች ምርመራ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። በጃንዋሪ መጀመሪያ የተያዙት ከ1,000 በላይ ሆኑ። ሚኒስትሯ በአዲሱ ዓመት ዕለት ይቅርታ ጠየቁ። የፍትሕ ሚኒስትር ሥራ ከአንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጋር መታገል ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም፤ በር ተቆልፎበት የተቀመጠ ሰው ሕይወቱ በሚኒስትሩ እጅ ነው።

ጃንዋሪ 27 ቀን 2021 ቹ ወንበሩን አስረከቡ። የተኳቸው ፓርክ ቦም ጌም የቀድሞ ዳኛ ናቸው። ዩን በማርች ሥልጣን ለቀው ወደ ፖለቲካ ገቡ። ከዚያ በፊት ለምንም ምርጫ ተወዳድረው የማያውቁት ሰው፣ መንግሥት በግፍ ሊያስወግዳቸው የሞከረ ቅን ዐቃቤ ሕግ ተብለው የተቃዋሚዎች ተስፋ ሆኑ። ማርች 9 ቀን 2022 በ0.73 ከመቶ ብልጫ፣ ወደ 247,000 በሚሆን ድምፅ፣ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ቹ በፓርቲያቸው የዕጩዎች ውድድር ሦስተኛ ወጥተው ነበር። ዩንን ፕሬዚዳንት ያደረጉት እርስዎ ነዎት የሚለው ወቀሳ ከጠላት ብቻ ሳይሆን ከገዛ ሰፈራቸውም መጣ። ወቀሳው ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም፤ ዩን የተመረጡት በቤት ዋጋና በሌላም ምሬት ጭምር ነው። ግን ያለ 2020 ውዝግብ የዩን ስም በምርጫ ካርዱ ላይ ይወጣ ነበር ብሎ ለመከራከር ይከብዳል።

ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ማታ ፕሬዚዳንት ዩን ወታደራዊ አስተዳደር አወጁ። ወታደሮች ፓርላማውን ከበቡ፤ የምክር ቤት አባላት አጥር እየዘለሉ ገብተው በ190 ድምፅ አዋጁ ይነሣ ብለው ወሰኑ። ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ አዋጁ ተነሣ። ቹ በዚያው ዓመት ለስድስተኛ ጊዜ ለፓርላማ ተመርጠው ነበር፤ ደጋፊዎቻቸው «አላሉም ነበር?» አሉ። ሰውየው የሥልጣን ገደብ የማያውቅ መሆኑን በ2020 ያዩት ቹ ናቸው፤ ያልሰማናቸው እኛ ነን የሚል ነው ክርክሩ።

ይህ ክርክር ሊናቅ አይገባም። እንቀበለውና እንየው። ቹ ስለ ዩን ትክክል ነበሩ እንበል። እንግዲያውስ የጥድፊያቸው ዋጋ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ምናምንቴ ክስ በሥርዓት ጉድለት ቢወድቅ የሚጎዳ የለም፤ እውነተኛ ክስ በሥርዓት ጉድለት ሲወድቅ ግን ተከሳሹ የንጽሕና ምስክር ወረቀት ይዞ ይወጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ከሳሽም አፉን ከመክፈቱ በፊት ይጠረጠራል። ተቃዋሚህ አደገኛ ነው ብለህ በእውነት የምታምን ከሆነ፣ በሩን ሁሉ ዘግተህ ልትከሰው የሚገባህ ያኔ ነው።

እንዲህ ያለ ክስ ይቻላል ወይ ለሚል፣ መልሱ እዚያው ሀገር፣ በዚያው ሰው ላይ ታይቷል። ዲሴምበር 14 ቀን 2024 ፓርላማው በ204 ድምፅ ዩንን ከሰሰ። ከሳሹ ፓርላማው፣ ፈራጁ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነበር። ፍርድ ቤቱ 11 ጊዜ አስቻለ። ዩን ራሳቸው ቀርበው ተናገሩ፤ ጠበቆቻቸው ምስክሮቹን መረመሩ። አንዲት ዳኛ ይነሡልን የሚል አቤቱታ ሲመጣ፣ የተጠየቁት ዳኛ ከውሳኔው ወጥተው የቀሩት ሰባት ዳኞች አይተው ውድቅ አደረጉት። በ2020 ኮሚቴውን የጣለችው ያች የቁጥር ጥያቄ እዚህ ቀዳዳ አላገኘችም። ከ111 ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 2025፣ ስምንቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ዩንን ከሥልጣን አነሡ። ሀገሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ውሳኔው ግን ቆመ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ከዳኝነት ወደ ሚኒስትርነት የሚሸጋገር ሰው የሚገጥመውን ፈተና ይረዳል። ዳኛ የመጨረሻውን ቃል መናገር ይለምዳል። መዝገቡን አንብቦ፣ ልቡ አምኖ፣ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ አለቀ። ሚኒስትር ሲሆን ያው ሰው ያው ልብ አለው፤ ያምናል፣ ይፈርማል፣ አለቀ ብሎ ያስባል። ግን አላለቀም። የሚኒስትር ቃል የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ከዚያ ተከሳሽ ይመልሳል፣ ሌላ ሰው ያዳምጣል፣ ሌላ ሰው ይፈርዳል። ከዳኝነት ዘመን ወደ አዲሱ ወንበር ይዞ መምጣት የሚገባው እርግጠኝነትን ሳይሆን ወረቀት ሲጎድል መመለስን ነው። ወጣቷ የቹንቾን ዳኛ በአምባገነን ዘመን የፖሊስን ማመልከቻ የመለሰችው በዚሁ ዓይን ነበር። ሚኒስትሯ የገዛ ቢሮዋን ሰነድ በዚያው ዓይን ብታይ ኖሮ፣ የደንቡ ለውጥ፣ ቀጠሮው፣ የተሾመው አባልና የሦስት ሰው ድምፅ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ይቆም ነበር።

ለቹ ፍትሕ ለማድረግ ታሪኩ በዚያ እንዳላበቃ መናገር ይገባል። በኦገስት 2025 የፓርላማው የሕግና ፍትሕ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። በቀጣዩ ወር ፓርላማው ከ1948 ጀምሮ የኖረውን የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት የሚያፈርስ ሕግ አጸደቀ፤ ከአንድ ዓመት የዝግጅት ጊዜ በኋላ ከባድ ወንጀልን የሚመረምረው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የሚከሰው ሌላ መሥሪያ ቤት ይሆናል። አንድ ሚኒስትር በትእዛዝ ሊገራው ያልቻለው ኀይል በሕግ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ተቃዋሚዎች ችኮላ ነው ይላሉ፣ ደጋፊዎች ሃያ ዓመት የዘገየ ነው ይላሉ፤ ማን ልክ እንደሆነ የሚታየው ሥራው ሲጀመር ነው። የሕጉ ሐሳብ ግን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ጋር ይገጥማል፤ መርማሪን ከከሳሽ ይለያል። በ2020 የጎደለው ከሳሽን ከፈራጅ መለየት ነበር።

በየትም ሀገር የመክሰስ ሥልጣን የያዘ ሰው፣ የመሥሪያ ቤት ኀላፊም ይሁን የማኅበር ሊቀ መንበር፣ ሠራተኛ ወይም አባል አጥፍቷል ብሎ ሲነሣ ልቡ በክሱ እውነትነት ላይ ብቻ ያርፋል። ክሱ ትክክል ከሆነ ቀሪው ወረቀት ነው ይላል። የቹ ሚኤ ታሪክ የሚያስተምረው ወረቀት የተባለው ነገር የክሱ ግማሽ መሆኑን ነው፦ ተከሳሹ ተነገረው? መልስ ሰጠ? የሚፈርዱትን ማን መረጣቸው? ቁጥራቸውስ ሞላ? እነዚህን ጥያቄዎች ከተከሳሹ ጠበቃ ቀድሞ ራሱን የጠየቀ ከሳሽ ቀጠሮው ቢዘገይበትም ፍርዱ አይፈርስበትም።